ቆማ የምትፈላው መኪናችን

የእኛ መኪና ስትሮጥ ጤነኛ ናት፤ ሕመሟ የሚነሳባት ስትቆም ነው። መቼም ሰው ሲሮጥ ይግላል፣ ሲቆም ይበርድለታል። እሷ ግን ግልባጭ ናት። እሁድ ማለዳ መንገዱ ጭር ሲል ከአየር ጤና ወደ ዘነበወርቅ እንደ ሰርገኛ በቅሎ እየሰገረች ትወርዳለች። ሰኞ ጠዋት መኪና በመኪና ላይ ሲደረደር ግን ከአፍንጫዋ እንፋሎት ይነሳና የልጅ ልጄ መሪውን እንደያዘች "እማማ፣ ጀመራት" ትለኛለች።

"ጀመራት" ስትል ራስ ምታት የጀመራት ሰው ነው የሚመስለው። እኔም እንደ በሽተኛ ነበር የማያት። "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እያልኩ በሩን በውስጥ በኩል እዳስስላት ነበር። ባይጠቅማትም አይጎዳት።

ስለ መኪናዋ ከማውራቴ በፊት ስለ እግሬ ልናገር። እኔ ዘዋሪ ሰው ነኝ። በልጅነቴ ከጎጃም መጥቼ ኮልፌ ከገባሁ ጀምሮ ቤት መዋል አልሆነልኝም። አራስ ሲኖር እሄዳለሁ፣ የታመመ ሲኖር እሄዳለሁ፣ ሁሉም ሲጠፋ ደግሞ "ጨው አልቆብኛል" ብዬ ከደጃችን ያለውን ሱቅ አልፌ ማዶ ያለው ድረስ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና "ላንቺ ቤት መሥራቴ ምን ነክቶኝ ነው? ፌርማታ ብሠራልሽ ይሻል ነበር" ይለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደልም የለየሁት ልጄ የቤት ሥራውን ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው። አሁን ጉልበቴ አሻፈረኝ ብሏል። ስለዚህ የምዞረው በልጄ መኪና ሆነ፤ የምታዞረኝም የልጅ ልጄ ናት።

መኪናዋ አሮጌ ናት። ልጄ ሲገዛት ነጭ ነበረች፣ አሁን የቆየ ቅቤ መስላለች። እሱ መሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ስለመደበለት እምብዛም አይነዳትም። ሴት ልጁ ግን ኮሌጅ ጨርሳ፣ ሥራ ስትፈልግ ስትፈልግ ሰልችቷት፣ መንጃ ፈቃድ አወጣችና አንድ ቀን ምሳ ላይ "አባ፣ መኪናዋን ስጠኝ፤ በስልክ የሚጠራውን ታክሲ ልሥራ" አለችው።

"የምትፈላ መኪና ይዘሽ?" አላት። "ተሳፋሪ ልትጭኚ ነው ወይስ ልትቀቅዪ?"

"ካስጠገንኳትስ?"

ልጄ የተንጠለጠለ ነገር አይወድም፤ ሹካውን አስቀመጠና "እስከ እንቁጣጣሽ ከዳነች ያንቺ ናት" አለ። "ካልዳነች እሸጣታለሁ። የሚወስዳት ሰው አለ።"

የሚወስዳት ሰው እውነትም ነበር። ያረጁ መኪኖችን እየገዛ፣ ፈታትቶ ዕቃ ዕቃቸውን የሚሸጥ የሰፈራችን ሰው ነው። የልጅ ልጄ ሳህን ስናጥብ "ሊበልታት እኮ ነው እማማ" አለችኝ። "እንደ በግ! በር ለአንዱ፣ ጎማ ለሌላው።"

ይህ ሁሉ ነሐሴ ውስጥ ነው።

እንዲህ ከተባባልን ብዙም ሳይቆይ ጦር ኃይሎች አደባባይ ላይ ትልቁን ጉድ አየን። አራስ ልንጠይቅ እየሄድን ነበር፤ እኔ አጥሚት የሞላ ፔርሙዝ ጭኔ ላይ አቅፌያለሁ። መንገዱ ተዘጋግቷል። ሚኒባሱ ይጮኻል፣ ወያላው ይጮኻል፣ ክላክሱ ይጮኻል። የእኛዋም ጀመራት። የልጅ ልጄ ቀስ ብላ ዳር አስያዘቻትና ሞተሩን አጥፍታ ኮፈኑን ከፈተች።

በእኛ አገር መኪና ኮፈኗን ከፈተች ማለት ድንኳን ተተከለ ማለት ነው፤ የማይመጣ የለም። አንዱ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ አንዱ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል፣ ሁሉም ግን ምክር አለው።

"ውሃ የለሽም እንዴ እህት?"

"ጀሪካኑን ቤት ረስቼዋለሁ።"

"እማማ፣ ፔርሙዙ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?" አለኝ አንዱ በመስኮት።

"አጥሚት ነው ልጄ።"

"አጥሚትም ቢሆን ፈሳሽ ነው፤ ያምጡት!"

"ምነው፣ መኪናዋ አራስ ናት እንዴ?" አለ ከኋላው ያለው። የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ፤ የልጅ ልጄ ብቻ አልሳቀችም።

ኩፍያ ያደረገ ሰውዬ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሲሰድ፣ ዳር ላይ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ከምድጃዋ ብድግ ብላ ጮኸች፦ "አንተ! እጅህን መልስ! የፈላ ድስት ላይ ፊትህን አቅርበህ ትከፍታለህ? ይልጥሃል!"

"ተዪኝ እናቴ፣ እኔ ሹፌር ነኝ።"

"ሹፌር ከሆንክማ የባሰ ነው!"

እጁን ሰበሰበ። ሴትየዋ ለእኔ በርጩማዋን ለቀቀችልኝና እሷ ካርቶን ላይ ተቀመጠች፤ እሸት በቆሎ ጠብሳ ሰጠችኝ። እኔ ጥርሴ ባይችልም በጣቴ እየፈለፈልኩ በላሁ። መኪናዋ እስክትበርድ ድረስ የሴትየዋን ልጆች ጠባይ ሁሉ አወቅሁ፤ ትልቁ ዝምተኛ ነው፣ ትንሿ ግን የሰው ስም ማውጣት ትወዳለች። እውነቱን ልናገርና እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። መኪና ካልቆመች ይሄን ሁሉ ሰው የት አገኘዋለሁ? ቀና ስል የልጅ ልጄ ኮፈኑን ተደግፋ ጥፍሯን ትበላለች።

"ነይ በቆሎ ብዪ" አልኳት።

"እማማ፣ አንቺ ተጫወቺ። ለእኔ የሚፈላው እንጀራዬ ነው።"

የተረፈውን በቆሎ በነጠላዬ ጠቅልዬ ተነሳሁ። አራሷ ቤት ስንደርስ መኪናዋ በርዳ ነበር፤ አጥሚቱም አብሮ።

በማግሥቱ የሰፈራችን መካኒክ ጋ ወሰድናት። ግዙፍ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ቀጭን፣ ሲናገር የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ ይመስላል። የእድራችን ድንኳን ኃላፊም እሱ ነው። ውሃ ሞላላት፣ ሞተሩን አስነሳና ዝም ብሎ ቆመ። እኛም ቆምን። ከመሪው ፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ ያለችው የሙቀት መርፌ ቀስ እያለች ወደ ላይ ወጣች።

"ስሙ" አለ።

ሰማን።

"ምን ይሰማችኋል?"

"ሞተሩ" አለች የልጅ ልጄ።

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም።"

"እሱ ነው በሽታው። እዚህ ላይ ማራገቢያው ጩኸቱን መጀመር ነበረበት።" ወደ እኔ ዞረ። "እማማ፣ መኪና ስትሮጥ ነፋሱ ራሱ በአፍንጫዋ ገብቶ ውሃዋን ያበርድላታል። ስትቆም ግን ነፋስ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ከራዲያተሩ ኋላ ያለው ማራገቢያ ነፋሱን ከፊት ወደ ውስጥ ይስብላታል። የእናንተ አይስብም፤ የማራገቢያው ሞተር ተቃጥሏል።"

"እኔ ከሰል የማራግበው ለማቀጣጠል ነው" አልኩት። "አንተ ደግሞ ለማብረድ ትለኛለህ። የማራገብ ሥራው የቱ ነው?"

ጥቂት አሰበና "እማማ፣ ምሳዬን ሳልበላ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቁኝ" አለ።

የልጅ ልጄ ፊቷ በራ። ሕመሙ ስም አገኘ ማለት ግማሽ መዳን ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ሄደን ማራገቢያ ፈለግን፤ እኔም ለሽርሽር ተከተልኳት። ለእኛ መኪና የሚሆን ጠፍቶ ከሌላ ዓይነት መኪና የወጣ አገኘች። ሻጩ ሁለቱን ሽቦዎቹን ባትሪ ላይ ቢነካቸው ማራገቢያው ቱር ብሎ ዞረና የነጠላዬን ጥለት ሊበላው ለጥቂት ቀረ። "ይኸው፣ ወፍጮ ነው!" አለን። ሽቦዎቹ ግን ከእርጅናና ከዘይት ብዛት ሁለቱም ጠቁረው አንዱ ካንዱ አይለይም። ይሄን ያኔ ልብ ያለው የለም።

መካኒኩ እኛ ግቢ ድረስ መጥቶ ያገጥምልን ጀመር። አሮጌውን አወጣ፣ አዲሱን አስገባ፣ ብሎን አጠበቀ። ሽቦ ማገናኘት ብቻ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። አዳመጠና ፊቱ ተለወጠ። ከታች መንደር ያሉ፣ የልጅ ልጅ ልጅ ያዩ አዛውንት አርፈዋል።

"ድንኳኑ ዝናቡ ሳይመጣ መተከል አለበት" አለ፣ በዘይት የተለወሰ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "የቀረችው ሁለት ሽቦ ናት፤ ነገ መጥቼ አገናኛታለሁ።"

እንኳን የመኪና ብሎን፣ የጎረስከውም ጉርሻ ቢሆን ለቅሶ ሲጠራህ ትተህ ትነሳለህ፤ እንዲህ ነው ያደግነው። ማንም "ጨርሰህ ሂድ" አላለውም። ፒንሳውን ለልጄ አቀብሎት ሮጠ።

ልጄ ፒንሳውን አገላብጦ አየው። ፒንሳ የያዘ ሰው መቼም ዝም ብሎ አይቀመጥም።

"ሁለት ሽቦ ለማገናኘት ነገን የምንጠብቀው ለምንድን ነው?" አለ።

"አባ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሆነ ታውቃለህ?"

"ከመኪናው ሁለት መጣ፣ ከማራገቢያው ሁለት መጣ። ይጋባሉ።"

"ሁለቱም ጥቁር ናቸው እኮ።"

"ታዲያ ጥቁርና ጥቁር ምን ያጣላቸዋል?"

አጋባቸው፤ በፕላስተርም ጠቀለላቸው። የልጅ ልጄ ሞተሩን አስነሳች። መርፌዋ ወጣች፣ ወጣች፤ እኛ ትንፋሻችንን ይዘናል። ከዚያ ቱርርር! ማራገቢያው ዞረ። ልጄ ደረቱን ነፋ፣ የልጅ ልጄ ዘለለች፣ እኔም እልል ልል አፌን ስከፍት ከታች መንደር የለቅሶው ጩኸት ደረሰኝና በነጠላዬ አፈንኩት።

ወዲያው ለብሰን ለቅሶ ሄድን። መካኒኩ የድንኳኑን ገመድ እየወጠረ ነበር። ልጄ በአጠገቡ ሲያልፍ አንገቱን ሰበር አድርጎ በዚያ ቀጭን ድምፁ ጠየቀው፦ "ዞረ እንዴ?"

ልጄም በሐዘን ፊት "ዞረ" አለ።

"ተመስገን" አለና ገመዱን ሳበ። የመኪናችን ነገር እዚያው ድንኳን ሥር ተዘጋ። መካኒኩ ከዚያ በኋላ ቀብር ነበረበት፣ ሠልስት ነበረበት፣ ድንኳን መንቀል ነበረበት። እኛም የዞረን ነገር ማን ይነካዋል?

መኪናዋ ግን አልዳነችም። ጭራሽ ባሰባት። ድሮ ስትሮጥ ደህና የነበረችው አሁን ስትሮጥም መርፌዋ እየወጣች አስቸገረች። ጎረቤት ሁሉ መጣ፤ ኮፈን ይከፈታል፣ ጎንበስ ይባላል፣ "ይዞራል እኮ" ይባላል። መካኒኩም አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በአጥራችን ላይ አንገቱን አስግጎ አየና "ይዞራል እኮ" አለ። የልጅ ልጄ ራዲያተሩን አሳጠበች፤ ያው ነው። ውሃ የምታፈስ እንደሆነ ብለው ሥሯን አዩ፤ ደረቅ ነው። በመጨረሻ አንዱ "ጓርኒሲዮኑ ነው" አለ።

ጓርኒሲዮን የሚሉት በሞተሩ ራስና በሆዱ መካከል የሚገባ ስስ ነገር ነው አሉ። እሱ ከተበላ ሞተሩ ካልተከፈተ አይቀየርም። ይህን ቃል ሲጠሩ ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ልክ እኛ የክፉ በሽታ ስም ስንጠራ እንደምናደርገው። ልጄ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፦ "እንግዲህ ሞተር አስከፍቼ አሮጌ መኪና አላስታምምም። ጳጉሜ ሊያልቅ ነው፤ ሰውየው በበዓሉ ዋዜማ መጥቶ ይውሰዳት።"

የልጅ ልጄ አልተከራከረችም። ቢያንስ ብትጮህ ደግ ነበር። ባልዲ ሞላችና ሳሙና በጥብጣ መኪናዋን ታጥብ ጀመር፤ የምትዳር ልጅ ገላ እንደሚታጠብ አጠበቻት። በርጩማዬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ምን አሰብሽ?" አልኳት።

"ምንም። የሰው መኪና ተቀጥሬ እነዳ ይሆናል፤ ለጀማሪ ግን ማን ይሰጣል?"

"ሌላ ሥራም ይገኛል።"

"እማማ" አለችና ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጣለችው። "ሥራ ብቻ መሰለሽ? ጠዋት ተነስቼ 'ዛሬ የት እሄድ ይሆን?' ማለት አማረኝ። ቤት መዋል ሰውን ምን እንደሚያደርገው ላንቺ አይነገርሽም።"

ለእኔማ ይነገረኛል? የጎማውን ጭቃ በጣቴ ፈቀፈቅሁላት።

ዋዜማው ደረሰ። ጠዋቱ ብርድ ነበር፤ ፀሐይ ብቅ ትላለች፣ ካፊያ ይጥላል፣ ደግሞ ብቅ ትላለች። እኔ ከመንገድ ላይ አንድ እቅፍ አደይ አበባና ቄጤማ ገዝቼ ተመለስኩ። በእኛ ቤት በየዓመቱ መኪናዋ አፍንጫ ላይ አደይ ይሰካል፤ ልጄ ከገዛት ዓመት ጀምሮ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ብትሄድም ለብሳ ትሂድ አልኩ። ራቁቷን ከቤቴ አትወጣም።

የልጅ ልጄ ቀድማ ሞተሩን አስነስታ ነበር። "ሰውየው ሲመጣ አልነሳም ብላ እንዳታዋርደን" አለችና ቤት ገባች። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አበባውን በፍርግርጉ ቀዳዳ መሰካት ጀመርኩ። አንዱን ስሰካ ደህና ነው። ትንሽ እንደቆየሁ ማራገቢያው ቱርርር ሲል አበባዎቹ ተራ በተራ ወጥተው ጭኔ ላይ ወደቁ። መልሼ ሰካኋቸው። መልሰው ወደቁ። "ምነው፣ ተቀየምሽን?" አልኳት።

ከዚያ ነፋሱ ተሰማኝ። ሞቃት ነው። ደስ የሚል፣ ምድጃ አጠገብ እንደመቀመጥ ያለ። ጣቶቼ በብርዱ ደርቀው ስለነበር አበባውን ትቼ ሁለት እጆቼን ዘረጋሁና እሞቅ ጀመር። ነጠላዬ ወደ ኋላ ይንሳፈፋል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜያለሁ።

መካኒኩ የገባው ይሄኔ ነው። ገዢው "ስገዛት አብረህ እያት" ብሎ ጠርቶታል። እኔን ሲያይ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ።

"እማማ፣ እንኳን አደረሰዎት! መኪናዋን ምድጃ አደረጓት እንዴ?"

"እንኳን አብሮ አደረሰን። እናንተ ጓርኒሲዮን ምናምን ትሏታላችሁ፤ እሷ ግን ደግ ናት። ይኸው ታሞቀኛለች።"

ሳቁ ቆመ።

"ከየት በኩል ነው የምታሞቅዎት?"

"ከየት በኩል ይሆናል? ከአፍንጫዋ ነዋ! አበባዬንም እየተፋች አስቸገረችኝ።"

ቀስ ብሎ መጣና ከጎኔ ቁጢጥ አለ። አንድ ሶፍት ከኪሱ አወጣ፤ ፍርግርጉ ላይ አስጠግቶ ለቀቀው። ሶፍቱ ብር ብሎ መጥቶ ጉንጬ ላይ ተለጠፈ። አንሥቶ ደገመው። አሁን ደግሞ እሱ ግንባር ላይ።

"ወይኔ!" አለና መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ያ ግዙፍ ሰውነቱ እስኪናወጥ ይስቅ ጀመር። "ወይኔ፣ ወይኔ! ወደ ውጭ ነው የሚነፍሰው!"

ልጄና የልጅ ልጄ ሳቁን ሰምተው ሮጠው ወጡ።

"ምንድን ነው?" አለ ልጄ።

"ሽቦውን ያጋባው ካህን ማን ነው?" አለው መካኒኩ። "ገልብጠህ ነው ያጋባኸው! ሽቦው ሲገለበጥ ማራገቢያውም ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። ከፊት የሚመጣውን ነፋስ መሳብ ሲገባው ይገፋዋል፤ የሞተሩን ትኩሳት መልሶ በራዲያተሩ በኩል ያስተፋታል። ስትሮጥም የባሰባት ለዚህ ነው፤ ነፋሱ ልግባ ይላል፣ ይሄ አትገባም ይላል።"

"ዞረ ወይ ብለህ ጠየቅከኝ፤ ዞረ አልኩህ" አለ ልጄ፣ ጆሮው ቀልቶ።

"እኔስ መች ልወቅስህ አፍ አለኝ? ወዴት ነፈሰ ብዬ አልጠየቅሁ! ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ መዞሩን አየ።"

የልጅ ልጄ አንዳቸውንም አልሰማችም። ሞተሩን አጠፋች፣ ፒንሳ አመጣች፣ ፕላስተሩን ራሷ ልጣ ጣለችው። መካኒኩ እያሳያት ሽቦዎቹን አለዋወጠቻቸው። እንደገና ተነሳች፤ ጠበቅን፤ ቱርርር። መካኒኩ ሶፍቱን አስጠጋ። ሶፍቱ ፍርግርጉ ላይ ልጥፍ አለ፣ ጡት እንዳገኘ ጥጃ። የእኔም አደይ ወደ ውስጥ ተሳበ።

"አበባውን ግን ኮፈኑ ላይ ያድርጉላት እማማ" አለኝ። "እንግዲህ መተንፈስ ጀምራለች፤ አፍንጫዋን አንድፈንባት።"

ገዢው የገባው በዚህ መካከል ነው። ቀጠን ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ዣንጥላውን እንደ ከዘራ የሚይዝ ሰው ነው። የሆነውን ሲነግሩት መኪናዋን ዞሮ አየና ጢሙን ዳሰሰ።

"እኔ እኮ ልበልታት ነበር የመጣሁት" አለ። "ከዳነችማ አልበልታትም፤ ራሴ እነዳታለሁ። አሁን ገና ወደድኳት!"

የልጅ ልጄ እጇ ላይ ያለው ፒንሳ ቆመ። ልጄ ወደ መሬት አየ። የሰጠውን ቃል የሚያጥፍ ሰው አይደለም፤ አባቱም እንዲሁ ነበር፤ እኔ ነኝ የማውቃቸው።

"መጀመሪያ መዳኗን እንይ" አለ መካኒኩ። "ጦር ኃይሎች ውሰዷት። የዋዜማውን መንገድ ከቻለች ሁሉን ትችላለች።"

ገባን። የልጅ ልጄ መሪ ላይ፣ ገዢው ከጎኗ፣ እኔና ልጄ ከኋላ። መካኒኩ እጁን አውለብልቦ ቀረ። ያን ቀን መንገዱን ማየት ነበር! በግ የሚጎትት፣ ዶሮ ዘቅዝቆ የያዘ፣ ቄጤማ የተሸከመ ሁሉ አስፋልቱ ላይ ነው። አንዱ በግ ገመዱን በጥሶ በመኪኖቹ መካከል ይሮጣል፤ ባለቤቱ ይከተላል፤ ትራፊኩ ፊሽካውን ትቶ ይስቃል። እኛ አንድ ክንድ እንሄዳለን፣ እንቆማለን። አራት ሰዎች አንዲት መርፌ ላይ አፍጥጠናል። ልጄ አንገቱን በሁለቱ ወንበሮች መካከል አስግጓል፤ "አባ፣ ትንፋሽህ ማጅራቴን አቃጠለኝ" እስክትለው ድረስ።

መርፌዋ እስከ መሃል ወጣች። እዚያ ቱርርር ሲል ሰማን። ዝቅ አለች። ደግሞ ወጣች፤ ቱርርር፤ ደግሞ ዝቅ አለች። ከኋላችን አንድ ሚኒባስ እየገፋ መጣና ጎናችን ሲደርስ ወያላው በመስኮት ብቅ አለ።

"እህቴ፣ ወጥ እያማሰልሽ ነው እንዴ? ንኪያት እንጂ!"

"ሽንኩርቱ አንተ ነህ፤ እስክትቁላላ እየጠበቅሁ ነው!" አለችው፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር።

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ፈነዳ። ወያላው ራሱ ሳቀና አሳለፋት። ገዢው ዣንጥላውን እየመታ ይስቃል። እኔ ግን ልጄን ነበር የማየው፤ ልጁን እንደ አዲስ ሰው ያያታል።

ገዢው ዓይኑን ጠረገና "በሉ፣ ጥሩ ናት" አለ። "ወንድሜ፣ እወስዳታለሁ። ቃል ቃል ነው።"

ማራገቢያው ብቻ ይሰማል። የልጅ ልጄ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን እያየች፣ በቀስታ፦

"አባ፣ እንቁጣጣሽ እኮ ነገ ነው" አለች።

ልጄ ወደ ኋላ ተደገፈ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወንድሜ" አለው ገዢውን። "ሁለት ቃል ሰጥቻለሁ። ላንተ ከመስጠቴ በፊት ለእሷ ሰጥቻለሁ። እስከ እንቁጣጣሽ ከዳነች ያንቺ ናት ብያታለሁ። ዛሬ ጠዋት ዳነች። እኔ ልሸጥልህ የነበረው የታመመችዋን ነው፤ እሷን እንግዲህ ከየት አመጣልሃለሁ?"

ገዢው ዞሮ አየው። እኔንም አየኝ። እኔ ጣልቃ ልገባ "በሞቴ" ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"በሽተኛ ልገዛ መጥቼ ጤነኛ ከለከላችሁኝ!" አለ። "ይሁን። ሐኪሙን ራሴ ጠርቼ ማንን ልወቅስ?" የበሩን መስተዋት በጣቱ አንኳኳ፤ ድምፁንም እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ ከፍ አድርጎ "ወራጅ አለ!" አለ።

የልጅ ልጄ በድንጋጤ ዳር አስያዘቻት፤ ጎማው የአስፋልቱን ጠርዝ ነካ። ሰውየው ወርዶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። በመስኮት ጎንበስ አለና "የመጀመሪያ ተሳፋሪሽ ሆኜ ልንገርሽ፣ ስታቆሚ ጠርዙን አትውጪው" ብሏት ዣንጥላውን ዘርግቶ በጎቹ መካከል ገባ።

የልጅ ልጄ አልቅሳ ይሁን ስቃ አላወቅሁም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ልጄ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋትና "እማዬ፣ አንቺ ወደ ፊት ሂጂ" አለኝ። ወርጄ ገዢው የለቀቀው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ገና ሞቅ እንዳለ ነው።

"ወዴት ልውሰዳችሁ?" አለች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

"ወደ ቤት ነዋ" አለ ልጄ።

ወደ ቤት የሚያዞረው መንገድ ጭር ብሏል። ፊት ለፊታችን ያለው ግን እስከ ዓይን መድረሻ ድረስ መኪና በመኪና ላይ ተደርድሯል፤ በግ አለ፣ አበባ አለ፣ ሰው አለ።

"ቀጥ ብለሽ ንጂ" አልኳት።